ማኅተሙ በኋላ ይደርሳል፦ የቆሰለ እንስሳ ፋና ለሚከተሉ ውሾች አገር አቀፍ ማኅበር አመሠራረት

ጎረቤቴ ጊደሩን ያገኛት በአሞራ ነው። ሌሊት ጅብ ታፋዋን ዘንጥሏት፣ ገመዷን በጥሳ ከዘንዘልማ በላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ ገብታ ነበር። ሰፈርተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገ፤ በሦስተኛው ቀን አሞራ ሲዞር አይተን ሄድን። የወደቀችበት ቦታ ከበረቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመጀመሪያው ቀን ብትገኝ ኖሮ ወይ ትታከማለች፣ ወይ በወጉ ታርዳ ሥጋዋ ለሰው ይሆናል። በክት ከሆነች በኋላ ግን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አትሆንም። "ደመ ከልብ ሆነች" አለ ጎረቤቴ። እኔ ያን ጊዜ አጥሩ ሥር የተኛውን የራሱን ውሻ እያየሁ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንም ይዞት አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ዙሪያ ከጥቂት ውሻ ወዳጆች ጋር እየሠራን፣ እየተሳሳትንና እያረምን የተማርነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሐሳባችን የቆሰለ እንስሳ ፋና፣ ማለት በኮቴውና በደሙ መሬት ላይ የሚተወውን ምልክትና ሽታ፣ የሚከተሉ ውሾችና የውሻ መሪዎች አገር አቀፍ ማኅበር እንዲኖራቸው ነው። እንደኛ ለማሰብ የጀመረ ካለ ቅደም ተከተሉን አያምታታው። በአገራችን ብዙ ማኅበር የሚጀመረው ከሊቀመንበርና ከማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ይቀረጻል፣ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ ሥራው ሳይመጣ ዓመት ያልፋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ተራው ይገልበጥ፦ መጀመሪያ ወሰን፣ ቀጥሎ ውሻ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ የጥሪ ስልክ፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ።

ቀደም ብለው የሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ጀርመን አገር የሃኖቨር ፋና ተከታይ ውሾችን የሚያረባውና የሚፈትነው ፌራይን ሂርሽማን የተባለው ማኅበር የተቋቋመው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባቫሪያ ተራራ ውሾች ክለብ ደግሞ በ1912 እ.ኤ.አ.። ሁለቱም የተሰበሰቡት በውሻውና በሥራው ዙሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ለኛ ይበልጥ ይቀርባል። በኒው ዮርክ ግዛት በውሻ የቆሰለ አጋዘን መፈለግ ክልክል ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ጃኒኒ የተባሉ የታሪክ ፕሮፌሰር ከጓደኞቻቸው ጋር ለጥናት ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ይዘው ጀመሩ፤ የሄዱበትን እያንዳንዱን ፋና መዘገቡ፤ ሕጉ የተለወጠው ግዛቱ ያንን መዝገብ ካየ በኋላ ነው። በአገር ደረጃ ዩናይትድ ብለድ ትራከርስ የተባለው ማኅበር የመጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። እኛ ሠላሳ ዓመት እንጠብቅ አልልም። ባዶ መዝገብ ይዞ ቢሮ ማንኳኳት ግን አያዋጣም።

መጀመሪያ፦ ወሰኑን አጥሩ

ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ ከመጻፋችሁ በፊት ምን እንደማይሠራ ጻፉ። የኛ ረቂቅ ደንብ የመጀመሪያ አንቀጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ "የማኅበሩ ውሻ ሰው አይከተልም።" አንዱ አባላችን ሲያነበው ሳቀ። ወሬው በተሰማ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው "በሬ ተሰርቆብኛል፣ ውሻችሁን ስጡኝ" ብሎ መጣ፤ ሳቁም አበቃ።

የተሰረቀ በሬ ፋና መጨረሻው የሰው ደጅ ነው። ውሻው የቆመበት ደጅ የሌባ ይሁን ወይም ከብቱ በዚያ ሲነዳ ያለፈበት ብቻ ይሁን፣ ውሻው አይለይም። አንዴ "የእገሌ ውሻ ደጄ ላይ ቆመ" ከተባለ ግን ነገሩ ሽማግሌ ሳይደርስበት ደም ሊያቃባ ይችላል። ስለዚህ የተሰረቀ ከብት የፖሊስ ነው። የጠፋም የሸሸም ሰው እንዲሁ። የኛ ሥራ ቆስሎ የተሰወረ እንስሳ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውሻ ይዞ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ የሚዞር ሰው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚነሣበት ለክልላችን ሰው መንገር አያስፈልግም። ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌው አስታውቁ፣ የከብቱን ባለቤት ይዛችሁ ውጡ፣ ጨለማ ሳይይዝ ተመለሱ። የውሻ መሪ መሣሪያ አይዝም፤ ይህም በደንቡ ይግባ።

ሁለተኛው ወሰን የዱር እንስሳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ወጥመድ እግሩ ላይ የቀረበት ድኩላ፣ መኪና የገጨው ሚዳቋ፣ ማሳ ሲቆፍር በጦር የተወጋ ከርከሮ፣ ሁሉም ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው። በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ውሻ ይዞ የቆሰለ ድኩላ ላይ የተገኘ ሰው "ልረዳው ነው" ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለወረዳው የዱር እንስሳ ባለሙያ ይደወላል። ውሻው የሚወጣው ባለሙያው አብሮ ሲሄድ ብቻ ነው። እንስሳው ሲገኝ ውሻው ወዲያው ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ይታከም፣ ይለቀቅ ወይም ይገላገል የሚለውን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ሥጋ፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ለትዝታ የምትሆን ጥፍር እንኳ ማንም አይወስድም።

አገር አቀፍ ለመሆን ምክንያቱም እዚሁ ላይ ነው ያለው። ጣና ዳር የሚያጋጥመን አብዛኛው ጥሪ የከብት ነው። በሕግ የተፈቀደ፣ ክፍያ የሚከፈልበት አደን ያለው ግን በሌላ የአገራችን ክፍል ነው፤ በአርሲና በባሌ ደኖች የደጋ አጋዘን ይታደናል፣ እንስሳው ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በአፍሪካ የአደን ሥራ ልማድ ደም ያፈሰሰ እንስሳ ባይገኝም እንደተገደለ ይቆጠራል። ቆስሎ የጠፋ አንድ አጋዘን ለአዳኙም ለአገሩም ኪሳራ ነው፤ ለአጋዘኑ ደግሞ ስቃይ። እዚያ የሚሠራ ውሻና እዚህ የሚሠራ ውሻ በአንድ መለኪያ ቢለኩ፣ አገር አቀፍ ማኅበር ማለት ያ ነው።

ቀጥሎ፦ ውሻውን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ስለ ዘር የሚደረገው ክርክር ጊዜ ይፈጃል። እኛ "ጀርመን" የምንለውን ባለ ቀጥ ጆሮ ውሻ ያለው ሁሉ ሥራው ለእርሱ ውሻ የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ጀርመኖቹ ራሳቸው ግን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያሰልፉት ጆሮ ጣሉንና እግረ አጭሩን ነው። ለኛ የሐበሻ ውሻ ይበቃል። የምትፈልጉት ባሕርይ ሦስት ነው፦ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ መሄድ የሚወድ፣ ዶሮና በግ ሲያይ የማያብድ፣ ሲሳሳት ተመልሶ የሚፈልግ። ከአንድ እናት የተወለዱ ቡችሎች ካሉ የተቀቀለ ጉበት ሣር ውስጥ ደብቁና እዩአቸው። ፈጥኖ የሚያገኘው ሳይሆን ቶሎ ተስፋ የማይቆርጠው ነው የሚበጀው። ሲጮህ የሚውል ጠባቂ ውሻ በሩን ይጠብቅ።

ሥልጠናው፦ ደም፣ በረባሶና ሃይላንድ

ይህ የሥራው ልብ ነው።

ውሻው የሚሠለጥነው ሰው ደም እያንጠባጠበ በሚያወጣው ፋና ላይ ነው። ደሙ የሚገኘው ከቄራ ነው። ጠዋት በማለዳ አስፈቅዳችሁ ትኩስ የበሬ ወይም የበግ ደም በባልዲ ተቀበሉ፤ እንደ ሞቀ በንጹሕ እንጨት ሳታቋርጡ አማስሉት። የሚረጋው ክር ክር ነገር እንጨቱ ላይ ይጠመጠማል፤ እሱን ጣሉት፣ የቀረው ደም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ኮዳ እስከ ግማሹ ድረስ ሙሉና በማቀዝቀዣ በረዶ እስኪሆን አቆዩት። ግማሽ ኮዳ ሩብ ሊትር ነው፤ ሩብ ሊትር ደግሞ በኋላ እንደምነግራችሁ ለአንድ ሙሉ ፈተና ይበቃል። ለመጠቀም ስትፈልጉ በቀዝቃዛ ቦታ አቅልጡት፣ ክዳኑን በምስማር ብሱት፣ በየእርምጃው አንድ ጠብታ። የማቀዝቀዣው ባለቤት እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ ከሆነች ኮዳው ላይ በትልቁ ጻፉበት፤ ይህን ምክር በነፃ አላገኘሁትም።

የፆሙን ነገር ደግሞ አስቡበት። በዐቢይ ፆም 55 ቀን እርድ ይቀንሳል። ከቅበላ በፊት ያላጠራቀመ ሰው እስከ ፋሲካ ውሻውን በባዶ እጁ ነው የሚያሠለጥነው። እኛ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን ረስተን ሥልጠናው ተቋረጠብን።

ደም ብቻውን ግን አይበቃም። ልምድ ያለው ውሻ የሚከተለው ደሙን ብቻ አይደለም፤ የዚያን አንድ እንስሳ የኮቴ ሽታ፣ በኮቴው የተሰበረውን ሣር፣ የተገለበጠውን አፈር ጭምር ነው። ደሙ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ኮቴው አይቆምም። ጀርመኖች ለዚህ ሲሉ የእንስሳ ኮቴ የሚታሰርበት ልዩ ጫማ ሠርተዋል። እኛ የተጠቀምነው በረባሶ ነው። ከሥጋ ቤት የበግ እግር ገዝታችሁ ኮቴውን ከበረባሶው ሥር በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩና ፋናውን እየረገጣችሁ አውጡ። መንገድ ላይ የሚያያችሁ ሰው ምን እንደሚልላችሁ አልናገርም፤ ልጆች ግን ይከተሏችኋል፣ ፋናውንም ይረግጡባችኋል፤ ስለዚህ በጠዋቱ ወይም በትምህርት ሰዓት ሥሩ።

ቡችላው ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ጀምሩ። የመጀመሪያው ፋና ከ30 እርምጃ አይብለጥ፤ የተቀቀለ ጉበት በገመድ እየጎተታችሁ አጭር ሣር ላይ አውጡት፣ መጨረሻው ላይ ቁራጭ ጉበት ይጠብቀው። ጉበቱ የግድ የተቀቀለ ይሁን። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የቴፕ ዎርም ትል ዘር ነው፤ ውሻው ከበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፣ እንቁላሉ ደግሞ ከውሻው ወደ ሰው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አንድ ነገር ብቻ እየጨመራችሁ ቀጥሉ፦ አንድ ቀን ርዝመት፣ ሌላ ቀን አንድ መታጠፊያ፣ ሌላ ቀን ዕድሜ። ዕድሜ ስል ፋናው ከወጣ በኋላ ያለፈው ጊዜ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሌሊት አዳሪ። ሁለቱን በአንድ ቀን የጨመረ ሰው ውሻው ለምን እንደወደቀ አያውቅም።

ገመዱ ወደ 10 ሜትር ይሁን፣ ሣር የማይዘው ለስላሳ ናይለን። አንገቱ ላይ አትሰሩት፤ ሲጎትት ይታነቃል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ደረቱን የሚያቅፍ ጠፍር አሰፉለት። ይህ ጠፍር ለፋና ብቻ ይደረግለት፣ ለሌላ ጊዜ አይደረግለት። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጠፍሩን ስታነሡ ብቻ ውሻው ፊቱ ይለወጣል።

ትልቁ ስሕተታችን የመሪው ነበር። ፋናውን ራሴ አውጥቼ፣ መታጠፊያዎቹ ላይ ቀይ ክር አስሬ፣ ራሴው ውሻዬን እመራ ነበር። እንዴት ጎበዝ ነው ስል ከረምኩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ ያለ ክር ያወጣውን ስሞክር ውሻዬ ሃያ እርምጃ ሄዶ ዞሮ ዓይኔን አየኝ። ለካ እስከዚያ ድረስ ያነበበው መሬቱን ሳይሆን እኔን ነበር። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ፋናውን ሌላ ሰው ያውጣ፤ እናንተ መነሻውን ብቻ እወቁ።

ስለ ሰዓቱ፦ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ሙቀት መሬቱ ሲደርቅ ሽታው ይሞታል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 3 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ክረምት ላይ ደግሞ ሰው "ዝናብ አጠበው" ብሎ ይቀራል። ካፊያ ግን ደሙን ቢያጠፋውም እርጥቡ አፈር ሽታ ይይዛል፤ አንዳንድ ውሻ እንዲያውም በካፊያ ማግስት ይሻላል። ፋናውን ጨርሶ የሚወስደው ጎርፍ ነው።

መሪውም ደም ማንበብ ይማር። ሮዝ መስሎ አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው፤ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል። ደሙ ውስጥ የተፈጨ ሣር ካለ ሆድ ዕቃው ተነክቷል። ሆድ የተነካን እንስሳ ወዲያው የሚያሳድድ ሰው ያርቀዋል፤ የውጭዎቹ ምክር አራት አምስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተዉት፣ ይተኛል የሚል ነው። የእነርሱ ምክር ግን ጅብን አያውቅም። እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የቆሰለን ጥጃ "እስኪተኛ" ብሎ መጠበቅ ለጅብ እራት መስጠት ነው። ስለዚህ እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ ጠዋት ከቆሰለ ጠብቁ፣ ከቀትር በኋላ ከቆሰለ ብርሃን ሳለ ቀስ ብላችሁ ተከተሉ።

ፈተናው

ማኅበር የሚሆነው ፈተና ሲኖረው ነው። የአባልነት ካርድ ማንም ያሳትማል። "ይህ ውሻ ተፈትኗል" የሚለው ወረቀት ግን ከጀርባው አንድ ኪሎ ሜትር መሬት አለው።

ጀርመኖች በሰው እጅ ለሚወጣ የደም ፋና የሚጠቀሙበት ፈተና ቢያንስ 1000 ሜትር ርዝመት፣ ከሩብ ሊትር ያልበለጠ ደም፣ ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጉ ሦስት መታጠፊያዎች፣ እንስሳው ተኝቶ የተነሣባቸው የሚመስሉ ሁለት ቦታዎች አሉት፤ ፋናው ቢያንስ ሌሊቱን ማደር አለበት። ሩብ ሊትር በአንድ ሺህ ሜትር! በዓይን የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

እኛ ይህን ለከፍተኛው ደረጃ ወስደን ከሥሩ አንድ ደረጃ ጨመርን፦ 500 ሜትር፣ ያው ሩብ ሊትር፣ አንድ መታጠፊያ፣ የአራት ሰዓት ዕድሜ። ዳኞች ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌላ ከተማ ይምጣ። ውሻው ከፋናው ወጥቶ መሪው ራሱ ካወቀና ከመለሰው ችግር የለም፤ ዳኛ ጠርቶ ከመለሰው ይቆጠራል፣ ሦስተኛው ላይ ያበቃል። መሪው "ውሻዬ እዚህ ጠፍቶበታል" ብሎ በራሱ ሲናገር ነጥብ እንሰጠዋለን። መጀመሪያ ይህን ያልተቀበሉ ነበሩ። በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን የሚያስቸግረው የጠፋበት ውሻ ሳይሆን የጠፋበትን የማያምን መሪ ነው።

ቦታውን ስትመርጡ ከሐይቁ ራቁ። የፎገራ ሜዳ ክረምቱን ውኃ ይተኛበታል፣ በኋላም ሩዙ አለ። ከመሸንቲና ከአንዳሳ ወገን ያለው መሬት ይሻላል። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ነው፤ እህሉ ተሰብስቧል፣ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ያም ሆኖ የገበሬውን ማሳ ሳታስፈቅዱ አትርገጡ፤ አውድማ አጠገብም ደም አታንጠባጥቡ።

የጥሪው ስልክ

አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ተራ እየተቀባበላችሁ ያዙት። ስልኩን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚናገረው "አትርገጡት" የሚለውን ነው። ሰው ከብቱ ሲቆስል ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረቤት ውሻውን ይጠራል፣ ፋናው ገበያ ይሆናል። ደሙ የታየበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ፣ ሰውም ከዚያ ወደ ኋላ ይመለስ። ከዚያ ጠይቁ፦ ምን እንስሳ ነው? መቼ ቆሰለ? በምን? ቆሞ ሄደ ወይስ እየወደቀ? ደሙ ምን ይመስላል? ውኃ አጠገብ ነው? መልሱን በደብተር ጻፉ። ስትመለሱም ጻፉ፤ የተገኘውንም ያልተገኘውንም። ያልተገኘውን የማይጽፍ ማኅበር ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሮ ሲሄድ የሚያሳየው ደብተር ማንም የማያምነው ውዳሴ ይሆናል።

ክፍያ አንጠይቅም፤ የትራንስፖርቱን ግን ባለከብቱ ይችላል። የባጃጅ ሾፌር ውሻ ሲያይ ሒሳቡን እጥፍ ያደርጋል፣ ይህን ለባለከብቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከሥጋው ቁራጭ መቀበልም ይቅር። ዛሬ ጎድን የተቀበለ ነገ ሥጋ ያለበት ጥሪ ብቻ ነው የሚሄደው።

ጤናና አደጋ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሌለው ውሻ አባል አይሆንም፤ ይህ አያከራክርም። ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተብ፣ በየዓመቱ ይታደስ፣ ወረቀቱ በመሪው ኪስ ይኑር። የሚፈለገው ከብት ራሱ ባበደ ውሻ ወይም ጅብ ተነክሶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ምራቅ የነካውን ቁስል በባዶ እጅ አትንኩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ "ትንሽ ጭረት ናት" አይባልም። ደግሞም በባሌ ያለው ቀይ ቀበሮ ከሰው ውሾች በተጋባ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። ያልተከተበ ውሻ ይዞ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ከአንድ አጋዘን ይልቅ ብዙ ያጠፋል።

ጣና ዳርና ዓባይ መውጫ ላይ የሚፈራው ጉማሬ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘን አይምርም። ፋናው ወደ ደንገሉ ከገባና ፀሐይ ካዘቀዘቀች ገመዱን ሰብስቡና ተመለሱ። ቀን ከሆነ እንስሳው ውኃ ውስጥ ቢገባ ዳርዳሩን በሁለቱም በኩል ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ረግረግ ከገቡ በኋላ የውሻውን አፍንጫና አፍ ለአልቅት እዩለት። እናንተም በባዶ እግር ውኃው ውስጥ አትቁሙ፣ ብልሃርዚያ አለ።

ወረቀቱ

አሁን ደርሳችኋል። እጃችሁ ላይ የተፈተኑ ውሾች፣ የጥሪ ደብተርና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች አሉ።

የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አገር በቀል ማኅበር ለማቋቋም አምስት መሥራቾች ይበቃሉ፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ስለሆነ የምትመዘገቡት አዲስ አበባ ባለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። የምታቀርቡት መሥራቾቹ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ፣ አድራሻና የሥራ ዓላማ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የወቅቱን ቅጽና የአዋጁን ማሻሻያ ጠይቁ። እኛ አንድ ቢሮ ውስጥ "የውሻ ማኅበር?" ተብለን ተስቆብናል፤ ደብተሩን ስናወጣ ግን ሰውየው ወንበር ሳበልን።

መተዳደሪያ ደንቡን ከባዶ አትጻፉ። እድር አለን። የመዋጮው፣ የቅጣቱ፣ የመቅረቱ፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪው ነገር እድራችን ውስጥ ለዘመናት ተፈትኗል፤ ከእርሱ ውሰዱ። እኛ የጨመርነው ሁለት ነገር ነው። በሥራ ላይ የሞተ ውሻ ካለ አባላቱ አዋጥተው ባለቤቱ የመረጠውን ቡችላ ይገዙለታል። ሰብሳቢው ደግሞ ውሻ ያለውና ውሻውም ፈተና ያለፈ ይሁን። ሁለተኛውን ያስገባነው በብዙ ጭቅጭቅ ነው። አንድ የተከበሩ ሰው ሰብሳቢ እንዲሆኑ ተፈልገው ነበርና፤ ጋሼ ውሻ ይፈራሉ።

የመጀመሪያው ጉባኤ

ከሌላ ክልል ሰው ሳትይዙ "አገር አቀፍ" አትበሉ። በስልክ ተፈላልጉ፣ በአደን ቀጣና አካባቢ ያሉ ስካውቶችን፣ ማለት የዱር እንስሳ ጠባቂዎችን፣ እና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን ጋብዙ፣ ለዳኝነት አንድ አንድ ሰው ይምጣ። ጉባኤውንና የጥሩን ፈተና በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርጓቸው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ አይመላለስም።

አዳራሽ አትከራዩ፤ ውሻ የሚያስገባ አዳራሽ አታገኙም፣ ውሻውን ትቶ የሚመጣ አባልም ሐሳቡ ውጭ ነው። ሰፊ ጥላ ያለው ዋርካ ፈልጉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከመስጊድ ራቅ ያለ። ወንበር ከእድር ይመጣል። ውሾቹን በአንድ ግንድ ዙሪያ አትሰሩ፤ እያንዳንዱ በየራሱ እንጨት፣ ቢያንስ አሥር እርምጃ ተራርቆ፣ የውኃ ሣህኑ ለየብቻ። በሙቀት ላይ ያለች ሴት ውሻ ካለች ባለቤቷ ድምፁን በስልክ ይስጥ። ምሳውም ውሾቹ ካሉበት በነፋሱ በኩል አይቅረብ።